የመምህሩ ቤት ስንት ያወጣል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከሴሚስተር ዕረፍት በተመለስን ሰሞን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከግቢ ውጭ ባለው መስጂድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ከመካከላችን የዱርቤቴ፣ የመራዊ፣ የዳንግላ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጆች ነበሩ። ጥያቄው፣ «በየከተማችሁ ‹ይህ ቤት ቅርስ ነው፣ መፍረስ የለበትም› የምትሉት ቤት የትኛው ነው?» የሚል ነበር። አንዱ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ጠራ። ሌላው ከጣሊያን ጊዜ ቀረ የሚባል ግንብ አነሣ። ሌላው አያቱ ይሰግዱበት የነበረውን አሮጌ መስጂድ ጠቀሰ። «ፊደል ያስቆጠራችሁ መምህር ቤትስ?» ሲባል ግን ሁላችንም ሳቅን። «እሱማ ጭቃ ቤት ነው እኮ!»

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ሳቅ ነው። እያንዳንዳችን እዚህ ዩኒቨርሲቲ የደረስነው አንድ መምህር እጃችንን ይዞ ስላስጀመረን ነው። የዚያን ሰው ቤት ግን ከቅርስ ልንቆጥረው ቀርቶ ልናስበውም አልቻልንም። በኋላ ደጋግመን ስንወያይበት ሁላችንም ወደ አንድ አቋም መጣን፦ በአንድ የገጠር ከተማ ውስጥ ያለ የቀድሞ መምህር ቤት ቅርስ ነው። እኛ ሙስሊም ተማሪዎችም ይህንን ለመናገር ከማንም ያላነሰ ምክንያት አለን።

ምን ዓይነት ቤት ነው?

ዱርቤቴን የማያውቁ ወንድሞችና እህቶች ይኖራሉ። የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላና እንጅባራ የሚሄደው መንገድ ያቋርጣታል። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ሱቆቿን፣ ባጃጆቿንና ቆርቆሮ ጣሪያዎቿን አይቶ ያልፋል። በዱርቤቴም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን የመምህር ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካሉት ቤቶች የሚለይበት ነገር የለም። የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ክፍል፣ በጓሮው ጌሾና ጥቂት የቡና ዛፍ። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይቦረቦራል፤ በጋ ሲሆን ተለስኖ ይጠገናል። ምስጡም ከሥር ሥራውን ይሠራል።

እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረውን ግን ከቤተሰቦቻችን ሰምተናል። መምህሩ ብዙ ጊዜ በምደባ ከሌላ አውራጃ የመጣ ሰው ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሰፈሩ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል። ማመልከቻ የሚጽፈው እርሱ ነው። ልጇ ውትድርና የሄደባት እናት ደብዳቤ ሲደርሳት የሚያነብላት እርሱ ነው። ከገጠር ቀበሌ በሶና ቆሎ፣ ድርቆሽም ተሸክሞ መጥቶ ማደሪያ ያጣ ተማሪ በመምህሩ ቤት አንድ ጥግ ያገኛል። ለዚያ ተማሪ ወጥ የምትጨምርለት ደግሞ የመምህሩ ባለቤት ናት፤ ስሟ በየትኛውም የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የለም።

እንግዲህ ያ ቤት የሰው መኖሪያ ብቻ አልነበረም። የከተማዋ ሁለተኛ ትምህርት ቤት፣ ጽሕፈት ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ነበር።

በወረቀት ላይ ያለው ዋጋ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ነው። ድንጋይ ይሁን ወይም ቤተ መንግሥት ይሁን አላለም። ቅርስ በመንግሥት እጅ ብቻ ሳይሆን በግለሰብም ባለቤትነት ሥር ሊሆን እንደሚችል አዋጁ ይቀበላል፤ ባለቤቱም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ጭቃ ቤት ነው» የሚለው መልስ በሕግ ዓይን መልስ አይደለም።

ችግሩ ከሌላ በኩል ይመጣል። ከተሞቻችን እያደጉ ነው፤ ፕላን ይወጣል፣ መንገድ ይሰፋል፣ ነባር ይዞታ ለሌላ ግንባታ ይፈለጋል። በካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሚፈርስ ቤት የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው ቤቱን እንደገና ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ገማቹ ማገሩን፣ ቆርቆሮውን፣ በሩንና መስኮቱን ይቆጥራል። በዚያ ቤት ስንት ልጅ ማንበብ እንደ ተማረ የሚጻፍበት ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። ገማቹን አንወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ነገር ግን ሌላው ዋጋ እንዲታወቅ ከፈለግን ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ሰው ሊጽፈው ይገባል።

ሌላም ታሪክ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለመኖሪያ ከሚያስፈልግ አንድ ቤት በላይ የነበረው ተወረሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶችም ለቀበሌ ተሰጡ። መምህር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ የመምህር ቤት ዛሬ የልጆቹ ንብረት ነው፤ አንዳንዱ ግን የቀበሌ ቤት ሆኖ ማንም «የእኔ ነው» ብሎ የማይለስነው፣ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ የሚፈርስ ቤት ነው። ባለቤት ያለው ቤት ልጆች ሲከፋፈሉት ይፈርሳል፤ ባለቤት የሌለው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የሁለቱ አጠፋፍ ስለሚለያይ መፍትሔውም አንድ ዓይነት አይሆንም።

እኛን ምን አገባን?

የዲናችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ብዙ አይጠይቅም። በመካ ጥሪው ገና በምስጢር በነበረበት ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን ያስተምሩ የነበሩት በሶፋ ኮረብታ አጠገብ በነበረው በአርቀም ኢብኑ አቢል አርቀም (ረ.ዐ) ቤት ነበር። የእስልምና የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አንድ ወጣት ሶሓባ የከፈተው መኖሪያ ቤት ነበር ማለት ነው። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ከሐረሙ ማስፋፊያ ጋር ተቀላቅሏል። ነገር ግን ስሙ አልጠፋም። ከ1,400 ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባም ሆነ በጃካርታ ያለ ሕፃን «ዳሩል አርቀም» ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። ያወቀውም ስለ ተጻፈ ነው።

ሙስዓብ ኢብኑ ዑመይርንም (ረ.ዐ) እናስታውስ። ከመካ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ነበር። ኋላም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና አስተማሪ አድርገው ላኩት፤ በአስዓድ ኢብኑ ዙራራ (ረ.ዐ) ቤት አርፎ አስተማረ። በምደባ ወደ ማያውቀው ከተማ ሄዶ በሰው ቤት ተጠግቶ ያስተምር የነበረ መምህር ነው። ከዱርቤቴ መምህር ኑሮ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ለማንም ግልጽ ነው። ሲራ ስንማር የአስዓድን ስም እስከ ዛሬ የምንጠራውም አንዱ ምክንያት ቤቱን ለመምህር በመክፈቱ ነው።

በአካባቢያችን ታሪክ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለን። በጎጃም ሙስሊሞች አዲስ መጤ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዘመን በዓባይ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከወንዙ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ በሚያሳዝን ሁኔታ በባርነት የሚሸጥ ሰውም ጭምር፣ ወደ ሰሜን የሚያልፍበት ነበር። በዚያ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ቦታ ነበራቸው፤ ይጁቤ ከሰፈሮቻቸው አንዷ ናት። ይሁን እንጂ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በአብዛኛው ሙስሊሞች ርስት እንዳይዙ ስለ ተከለከሉ በንግድና በሸማ ሥራ ሲኖሩ ቆዩ። በዓላችን እንዲከበርና እኩል ዜጋ እንድንሆን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን ታላቅ ሰልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የርስቱም ነገር በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ተለወጠ።

መሬት የማይዝ ሕዝብ በድንጋይ ትልቅ ነገር አይገነባም። ስለዚህ የአባቶቻችን ታሪክ የተቀመጠው በትናንሽ ቦታዎች ነው፦ በሸማኔው ጉድጓድ፣ በነጋዴው ሱቅ፣ ኡስታዙ ሕፃናትን በሉሕ ያስቀሩበት በነበረው ጓዳ፣ አባታችን ማንበብ በተማረበት በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ቤት። ቅርስ ማለት ትልቅ ግንብ ብቻ ነው ካልን፣ ራሳችን በራሳችን ላይ «ታሪክ የላችሁም» ብለን ፈረድን ማለት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

ይህንን ሐሳብ ስናነሣ ከራሳችን ጀመዓ ውስጥ ሦስት ተቃውሞዎች ገጥመውናል። ሦስቱም በቅንነት የተነሡ ናቸው፤ ስለዚህ በቅንነት እንመልሳለን።

የመጀመሪያው የዐቂዳ ነው። «ዛሬ ቅርስ፣ ነገ ጭስና ቅቤ ይሆናል» ያሉን ወንድሞች አሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎች እየሄዱ ይሰግዱባት የነበረችውን የበይዐቱ ሪድዋን ዛፍ እንዲቆርጡ ማዘዛቸውን ያስታውሱናል። ሥጋቱን አናቃልለውም። ማንም ሰው በረከት ፍለጋ የቤት ግድግዳ እንዲዳስስ አንፈልግም፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢጀመር የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎች እኛ እንሆናለን። ነገር ግን የአርቀምን ቤት ታሪክ ጽፈው ያቆዩልን ዑለማዎች ቤቱን አላመለኩትም። መመዝገብ ሌላ ነው፤ ማምለክ ሌላ ነው። እንዲያውም ስለ አንድ ቦታ ትክክለኛው ታሪክ ሲጻፍ ለተረት የሚቀረው ቦታ ይጠባል።

ሁለተኛው፣ «መምህሩ እኮ ሙስሊም አልነበረም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በከተሞቻችን ያስተማሩን አብዛኞቹ የመንግሥት መምህራን ክርስቲያኖች ናቸው። ይህ ግን ለእኛ መከራከሪያ የሚያጠነክር እንጂ የሚያደክም አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን የማያመሰግን አላህን እንደማያመሰግን አስተምረውናል። የሙስሊሙን ልጅ ከጎረቤቱ ልጅ ሳይለይ ፊደል ያስቆጠረ፣ በረመዷን ጾመኛ ተማሪውን ሜዳ ላይ እንዳይሮጥ የከለለ መምህር ውለታ አለብን። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ በሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ ልባችን ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ አብሮ መኖርን በስብሰባ ብቻ ሳይሆን በሥራ ማሳየት ያስፈልጋል። ሙስሊም ተማሪዎች ተሰባስበው የክርስቲያን መምህራቸውን ቤት ታሪክ ሲጽፉ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይናገራል።

ሦስተኛው፣ «ለጭቃ ቤት ማን ይጨነቃል?» የሚለው የራሳችን ሳቅ ነው። ማሊ ውስጥ ያለው የጀኔ ታላቅ መስጂድ በጭቃ የተሠራ ነው። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ወጥቶ ይለስነዋል፤ የጀኔ ከተማም ከነአሮጌ ቤቶቿ በ1988 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። ያው ጭቃ ነው። ልዩነቱ የሚለስነው ሰው መኖሩ ላይ ነው። በዚያው አገር በጢንቡክቱ የሚደነቁት የእጅ ጽሑፎችም ለብዙ ትውልድ የቆዩት በአስተማሪና በነጋዴ ቤተሰቦች መኖሪያ ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስም ምሳሌ አናጣም። የሐረር ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82ቱ መስጂዶች ብቻ አልነበሩም የታዩት፤ ተራው የሐረሪ መኖሪያ ቤት ከነውስጥ አሠራሩ የቅርሱ አካል ነው። በዚያችው ከተማ አብዱላሂ ሸሪፍ የድሮ ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችንና ካሴቶችን መሰብሰብ የጀመሩት በግል ቤታቸው ነበር፤ ኋላ ነው የክልሉ መንግሥት ሰፊ ታሪካዊ ቤት የሰጣቸው። በክልላችን ደግሞ ከሚሴ አካባቢ በተራራ ላይ ያለችውን የሾንኬ መንደር ጎብኚ የሚሄድባት ለድንጋይ ቤቶቿ ነው፤ ሙስሊሙ ግን የሚያውቃት ሸኽ ጀውሀር ደረሳዎቻቸውን ባስቀሩባት መንደርነቷ ነው።

ጎጃምም ቢሆን ለመምህር እንግዳ አይደለም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው ለዱርቤቴ ቅርብ በሆነችው በዳንግላ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ በደብረ ማርቆስም የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ደራሲውን አገር ያውቃል። መምህሩን ሐዲስን ስንቶቻችን እናውቃለን? ታዋቂ የሆነው መምህር መምህርነቱ እንዲህ ከተረሳ፣ ታዋቂ ያልሆነውማ ምን ሊተርፈው ነው?

ምን እናድርግ?

እያንዳንዱ ቤት ይጠበቅ አንልም። በአሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ በብሎኬት የተሠራ ደህና ቤት የማግኘት መብት አለው፤ «ቅርስ ነው» ብለን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዲኖር ልንፈርድበት አንችልም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። ሁሉም ይመዝገብ። ከየከተማው ደግሞ ቢያንስ አንዱ ይቆይ።

ምዝገባው በእኛ እጅ ያለ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ እያንዳንዱ አባል ከከተማው አንድ የመምህር ወይም የኡስታዝ ቤት ይምረጥ። መጀመሪያ የቤቱን ሰዎች ያስፈቅድ፤ ያለ ፈቃድ የሰው ቤት ፎቶ ማንሳት ሐቅ መንካት ነው። ከውጭና ከውስጥ ፎቶ ያንሳ፤ የሲቪልና የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሜትር ይዘው ይለኩ፤ የክፍሎቹን ንድፍ ያውጡ። መምህሩ በሕይወት ካሉ በስልክ ድምፃቸውን ይቅዳ፦ መቼ መጡ፣ ስንት ተከፈላቸው፣ የት አስተማሩ፣ ማንን አስጠጉ? የድሮ ስም መጥሪያ፣ የውጤት ካርድና የክፍል ፎቶ ካለ ከቤቱ ሳያወጣ ፎቶውን ይያዝ። እህቶቻችን ደግሞ የመምህራን ባለቤቶችንና ሴት መምህራንን ያነጋግሩ፤ ያ ታሪክ ለወንዶች የማይነገር፣ እስካሁንም ያልተጻፈ ነው።

ከዚያ ሁለት ቅጂ እናዘጋጅ። አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይግባ፤ ሌላው በጀመዓችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ ምን እንደጠፋ እንኳ መናገር አይቻልም። አደራችንን ግን በግልጽ እንናገር፦ ባሁኑ ጊዜ መንገዱ ለሁሉም አይመችም። ማንም ለፎቶ ብሎ ነፍሱን አያጋልጥ። መሄድ ያልቻለ ወላጆቹን በስልክ ይጠይቅ፤ የሰማውን ይጻፍ።

ሁለተኛው፣ ማለትም ከየከተማው አንድ ቤት ማቆየት፣ ጊዜና ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሙዚየም እንዲሆን አንጠብቅም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ቀበሌውን፣ የቤተሰብ ከሆነ ልጆቹን አነጋግረን የተማሪዎች ማንበቢያ ቤት ብናደርገው የተሻለ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በትንሽ ከተማ መብራትና ወንበር ያለው ጸጥ ያለ ክፍል ለተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማንም አይነግረንም። ቤቱ የሚቆየው ሥራውን ሲቀጥል ነው፤ ግድግዳውንም በየዓመቱ የሚለስኑት የሚያነቡበት ልጆች ይሆናሉ።

የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ፣ ከሦስቱም አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት እንደሆነ ተምረናል። የመምህራኖቻችን ሥራ በእኛ ላይ ገና አልተቋረጠም። ከመስጂዱ በረንዳ ላይ የሳቅነው ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ለመመዝገብ ስማችንን ጽፈናል፤ ዱርቤቴም ከዝርዝሩ ውስጥ አለች። የእናንተ ከተማ ከሌለችበት ከጁሙዓ በኋላ መጥታችሁ አስጽፉ።

አላህ ያስተማሩንን ሁሉ መልካም ምንዳ ይክፈልልን፤ ሥራችንንም ያግራልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።